የእሑድ ምሳ ዕጣ

የእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ማውንት ጊልያድ፣ አንድ ልማድ አላት። ነሐሴ ሲገባደድ፣ የኦቾሎኒው ማሳ ገና ሳይነቀል፣ ኮሌጁ ያመጣቸው አዲስ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ በፓስተሩ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል። ከአምልኮ በኋላ በምድር ቤቱ አዳራሽ እንሰበሰብና እያንዳንዱ ቤተሰብ እጁን ከትቶ አንድ ስም ያወጣል። የወጣለት ልጅ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ የዚያ ቤት የእሑድ ምሳ ባለመብት ነው። ከእናቱ ርቆ የመጣ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ከገበታ ይቅረብ ተብሎ የተጀመረ ነው። በጎ ነገር ነው። በጎ ነገርም ቢሆን ግን የሰው እጅ ከነካው ወዲያ ጌታ ካልጠበቀው ይሻግታል።

ነገሩ የተጀመረው ኪሾንና ታይረስ በመጡበት ዓመት ነው። የእህቴ የላቮኒያ ባል ቱርማን ግሪር እጁን ከተተና ኪሾንን አወጣ። ኪሾን ከፍሎሪዳ የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ገመድ ላይ የተሰጣ ይመስላል። ከቱርማን ቀጥሎ ሆሪስ ቤክተን አወጣ፤ የደረሰውም ታይረስ ነው። ታይረስ የአላባማ ልጅ ነው፤ የአዳራሹን በር በጎኑ ዞሮ ነው ያለፈው። ገና ሳይመጣ ጋዜጣው ፎቶውን አውጥቶ፣ ይህ ልጅ ከተማችንን ያስጠራል ብሎ ነበር።

ቱርማን ቀጭኑን አየ፤ ትልቁን አየ። ከዚያ ቤክተንን ክርኑን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ሆሪስ፣ ስማኝማ። ያንተ ሚስት ስኳር አለባት፤ ሁለታችሁም የምትበሉት እንደ ወፍ ነው። ላቮኒያ ደግሞ በትልቅ ድስት ካልሆነ መሥራት አታውቅም። ትልቁን ለእኛ ተወው፣ ቀጭኑን ውሰድ።»

«ለእኔ ሁሉም የእግዚአብሔር ልጅ ነው» አለ ቤክተን፣ ወረቀቱን እያቀበለው።

ቤክተን በከተማችን የቀብር ማስፈጸሚያ ድርጅት ያለው ሰው ነው። በምንም ነገር አይቸኩልም። ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ እሱ ዘንድ እንደሚመጣ ያውቃል።

ያ የወረቀት ልውውጥ ከዚያ በኋላ ያልተወራበት ሳምንት የለም። ምክንያቱም ኪሾን ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ መሮጥ ሲጀምር፣ ስታዲየሙ በአንድ እግሩ ቆመ። ያንን ቀጭን ገላ የሚይዘው ሰው ጠፋ። በሁለተኛው ዓመት ስሙን የማያውቅ አልነበረም፤ በሦስተኛው ዓመት ከትልልቆቹ ቡድኖች ሰዎች እየመጡ ያዩት ጀመር። ታይረስ ግን ኳስ የሚነካ ሰው አልሆነም። ከፊት ተደርድረው፣ የባላጋራውን ሰው በደረታቸው ገፍተው ለሯጩ በር ከሚከፍቱት አንዱ ሆነ። ሥራውን አሳምሮ ይሠራል ይላሉ የሚያውቁ። ግን በር የሚከፍተውን ማን ያያል? ሰው የሚያየው በበሩ የሚያልፈውን ነው።

ስለዚህ ቱርማን በከተማው «ለዋጩ» ተባለ። ኦቾሎኒ መፈልፈያው ውስጥ፣ ሥራ ቦታው ላይ፣ አንዱ ጓንቱን ያነሳና «ግሪር፣ ትለውጠኛለህ?» ይለዋል። በቤተ ክርስቲያን ግብዣ ላይ አንዱ የዶሮ ክንፍ ይዞ ይመጣና «ወንድም ግሪር፣ ይቺን ክንፍ በእግር አትለውጠኝም?» ይላል። ቱርማን አብሮ ይስቃል። እኔ ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ እሑድ እሑድ እነሱ ቤት ስለምበላ፣ ሳቁ የት ድረስ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ከጥርሱ አያልፍም ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ ልጆቹ ሊመረቁ በቀረቡበት መኸር፣ ነገሩ ጠና። አሰልጣኝ ዊትሎው የሚባለው አዲሱ አሰልጣኝ ኪሾንን ሜዳው መሃል እንደ ልብ ያስሮጠዋል፤ ነጥብ ወደሚገባበት መስመር አጠገብ ሲደርሱ ግን ኳሱን ከኪሾን ወስዶ በአየር ያስወረውራል። የተወረወረ ኳስ ደግሞ ባለቤት የለውም። በዚህ ምክንያት ተሸነፍን፤ በሳምንቱም እንደዚያው።

የጨዋታ ቀን ጠዋት የማውንት ጊልያድ ሰዎች መኪኖቻችንን ከስታዲየሙ ጀርባ ፔካን ዛፎቹ ሥር እናቆማለን። ከበርሜል የተሠራው መጥበሻ ይጨሳል፤ ቅቅል ኦቾሎኒው በባልዲ ይዞራል። በዚያ ቅዳሜ እህት ኦዜላ ከእሳቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ኦዜላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምትነዳው፤ ድምፅዋንም ያገኘችው ከዚያው ነው።

«መስመሩ ከአፍንጫው ሥር ነበር እኮ!» ትላለች። «ከአፍንጫው ሥር! ልጁ ተንሸራቶ ቢወድቅ እንኳ ይገባ ነበር። ይሄ ሰውዬ ግን ኳሱን ወደ ሰማይ! በሬ ያለው ገበሬ በሬውን ጥላ ሥር አስሮ በእጁ ይቆፍራል?»

«አሰልጣኙን አትፍረጂበት፣ እህት ኦዜላ» አለ ቱርማን።

«ለምን አልፈርድበትም? ቲኬት የገዛሁት ለመፍረድ ነው!»

ሰው ሳቀ። ቱርማን የኦቾሎኒ ልጣጭ እየተፋ ቀጠለ። «ኪሾን ሰፊ ሜዳ ሲያገኝ ጎበዝ ነው፤ አልካድኩም። ጠባብ ቦታ ላይ፣ ግንባር ለግንባር ሲሆን ግን ልቡ ይሸሻል። አሰልጣኙ ያየው አለ።»

«የማን ልብ? የኪሾን?» ኦዜላ እጇን ደረቷ ላይ ጣለች። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለው፤ የሚለውን አያውቅም።»

ቤክተን እስከዚያ ድረስ ሥጋውን በቢላዋ ይቆርጥ ነበር። እሱ ሥጋ ሲቆርጥ እንኳ ክራቫት አይፈታም። «እኔ አልፈርድም» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻ ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልጁ፣ ‹አባባ ሆሪስ፣ ኳሱን ቢሰጡኝ እኮ አስገባው ነበር› አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ምን ልበለው?»

«አባባ ሆሪስ» የምትለዋ ቃል ስትወጣ እኔ የቱርማንን ፊት እያየሁ ነበር። የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ጥርሱ ሥር የገባበት ሰው ይመስል ነበር።

«እንዲያውም» አለ ቱርማን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔ አሰልጣኙን ብሆን ጭራሽ ወንበር ላይ ነበር የማስቀምጠው። ሰውን ያበላሸዋል ሙገሳ።»

«አንተን ያላበላሸህ ምን ሆኖ ነው ታዲያ?» አለች ኦዜላ። «ሙገሳ ጠፍቶ ነው?»

እንግዲህ ሁሉም ኪሾን ኳሱን ያግኝ ሲል፣ በከተማው ለአሰልጣኙ የሚከራከረው ቱርማን ብቻ ነበር። ሰው እንደ ጥበብ ቆጠረለት፤ «ግሪር ረጋ ያለ ሰው ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን ያንን ረጋ ያለ ሰው እቤቱ አየዋለሁ።

እቤቱ እሑድ እንዲህ ነው። ላቮኒያ ጠረጴዛውን በጎመን፣ በተጠበሰ ዶሮ፣ በበቆሎ ዳቦ ትሞላዋለች። ታይረስ ከቱርማን ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ እሱ የሚቀመጥበትን ወንበር ቱርማን በብረት አጠንክሮለታል። እንደዚህ ዓይነት ነገር ለማድረግ ቱርማን ደግ ሰው ነው። ከጸሎቱ በኋላ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ኪሾን እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ሚስተር ቱርማን።»

«ቁርጭምጭሚቱ ተሻለው? ከኒው ኦርሊንስ የመጣው ሰውዬ ምን አለው? ሆሪስ ጫማ ገዛለት የሚባለው እውነት ነው?»

ታይረስ ይመልሳል፤ ጎመኑን ይጎርሳል፤ ይመልሳል። አንድ ቀን የራሱን ጉልበት ጨርቅ አስሮ እያነከሰ መጣ። ላቮኒያ በረዶ አመጣችለት። ቱርማን ጨርቁን አየና፣ «አንተ ከተጎዳህ ታዲያ ለኪሾን ማን ይከፍትለታል?» አለ። በክፋት አልነበረም። ያ ነው ክፋቱ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በነበረው እሑድ ታይረስ ሹካውን አስቀመጠ። «ሚስተር ቱርማን፣ የተመራቂዎች ቀን እየደረሰ ነው። እናቴን ወገቧን አሟታል፣ መንገዱን አትችለውም። እርስዎና ሚስ ላቮኒያ ከእኔ ጋር ትወጡልኛላችሁ?»

የተመራቂዎች ቀን የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ነው። ከጨዋታው በፊት የሚመረቁት ተጫዋቾች ስማቸው በድምፅ ማጉያ እየተጠራ፣ ወላጅ ያለው ወላጁን፣ የሌለው እንደ ወላጅ የሚያየውን ሰው በክንዱ ይዞ ወደ ሜዳው መሃል ይወጣል። በእኛ ከተማ ከሠርግ አያንስም።

ላቮኒያ ዓይኗ ረጠበ። ቱርማን፣ «እንዴታ! እንወጣለን እንጂ» አለ፣ የዶሮውን እግር ወደ ሳህኑ እየሳበ። ቀጠለና ወዲያው፣ «ኪሾንስ? ሆሪስን ጠየቀው?»

«አዎን። ጠይቋቸዋል።»

ቱርማን የዶሮውን እግር መልሶ አስቀመጠው። ምን እንደታየው አውቃለሁ፦ ቤክተን በዚያ ጥቁር ልብሱ፣ ኪሾንን ይዞ፣ ስታዲየሙ ሁሉ ቆሞ ሲጮህላቸው። ያ ጩኸት በዕጣ የእሱ ነበር።

«ቱርማን፣» አለች እህቴ በዝግታ፣ «ልጁ እኮ አንድ ነገር ጠየቀህ።»

«መለስኩለት አይደል እንዴ?»

ታይረስ የቀረውን ዳቦ በሁለት ጣቱ ፈረፈረው። አልበላውም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ደግሞ የአምባዛ ቤት ቀን ነው። አሰልጣኙ በየሳምንቱ ሐሙስ ከአንድ ተጫዋች ጋር እዚያ ምግብ ቤት ይመጣል፤ የከተማችን ሬዲዮ ማይክሮፎኑን ይተክላል፤ ሰው የተጠበሰ አምባዛውን እየበላ ተራ ይዞ አሰልጣኙን ይጠይቃል። ነገሩ ሁሉ በቀጥታ ይተላለፋል። የዚያ ሳምንት ተጫዋች ታይረስ ነበር። ከአሰልጣኙ ጎን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል፤ ማንም አንድ ጥያቄ አልጠየቀውም።

ኦዜላ ማይክሮፎኑን ቀድማ ያዘች። «አሰልጣኝ ዊትሎው፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኪሾንን መስመሩ አጠገብ ኳስ የሚከለክሉት ምን አድርጎዎት ነው? እንደው እዳ አለበት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሰልጣኙ አልሳቀም። ጎልማሳ ነው፤ ትዕግሥተኛ ፊት አለው።

«እኔ የምቆመው ከመስመር ውጭ ነው፣ እመቤት» አለ። «ሳሩ ላይ ያለውን ነገር የሚያውቀው ሳሩ ላይ ያለ ሰው ነው። መስመሩ አጠገብ ስንደርስ ከፊት በር ከሚከፍቱት ልጆች የማምነውን እጠራና ‹ያንን ሰውዬ ትገፋዋለህ?› እለዋለሁ። እገፋዋለሁ ካለኝ ኳሱ የኪሾን ነው። አልችልም ካለኝ አስወረውራለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው።»

«ልጆቹ ላይ ማላከክ ይሏል ይሄ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው አጉረመረመ። እኔ ግን ታይረስን ነበር የማየው። ሳህኑ ላይ ያለውን ዓሣ ዓይን ዓይኑን ያየው ነበር።

በዚህ ጊዜ ቱርማን ተነሥቶ ማይክሮፎኑን ከኦዜላ ተቀበለ። «አሰልጣኝ፣ እኔ አመሰግንዎታለሁ» አለ። «ወሬኛውን አይስሙ። ኪሾን ገና ነው። ይታገሥ፤ ትዕግሥት ማንንም አልገደለችም።»

ቤክተን ከጠረጴዛው ሳይነሣ፣ አፉን በመሐረብ ጠረገና፣ «ቱርማን፣» አለ፣ «ልጁ ያንተ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ትል ነበር?»

ማይክሮፎኑ ገና በቱርማን እጅ ነበር።

«የእኔማ ነበር!» አለ ቱርማን። ድምፁ ጣሪያውን መታው። «በዕጣ የወጣው ለእኔ ነው! በገዛ እጄ ነው ያወጣሁት! አራት ዓመት ሙሉ የእኔን ዕድል ነው አንተ ስትበላ የኖርከው! አባባ ሆሪስ እያስባልክ!»

ሰው ሁሉ ወደ ቱርማን ዞረ። ከዚያ ሳቅ። አንዱ፣ «ትለውጠኛለህ?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ባሰ። ታይረስ ብድግ አለ፤ ሳህኑን ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ ሄዶ ለአሳላፊዋ አስረክቦ፣ አመስግኗት፣ በጓሮ በር ወጣ። አሰልጣኙ በዓይኑ ተከተለው።

ቱርማንን በመኪናዬ ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ ቤክተን አወራ። ቤት ስንደርስ ላቮኒያ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር፤ ሬዲዮውን ከፍታ ስትሰማ ነበር።

«ታይረስ ምን አለህ?» አለችው።

«ታይረስ? እሱ ምን አገባው? እኔ የተናገርኩት ለሆሪስ ነው።»

«ቱርማን ግሪር፣» አለች እህቴ፣ «አራት ዓመት ሙሉ ያንን ልጅ ስመግበው፣ አንተ ጋ የሚበላ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር።» ገብታ በሩን ዘጋች። ቱርማን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን አጠፋሁ?» አለ። ምክር ሰው ሲጠይቅህ ሳይሆን ሲገባው ነው የሚጠቅመው፤ መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ።

ቅዳሜ የተጫወቱት ሰው አገር ነበር። በሬዲዮ ሰማነው። መጨረሻው ላይ መስመሩ አጠገብ ደረሱ፤ አስተላላፊው «አሁን ኪሾን!» አለ፤ ኳሱ ተወረወረ፤ ባላጋራው ያዘው። ተሸነፍን። ኦዜላ ቤቷ ሆና ስትጮህ ሁለት አጥር ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

እሑድ ላቮኒያ እንደ ወትሮው ለአራት ሰው ሳህን ደረደረች። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጸሎቱን ቆሞ ሰምቶ፣ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ የሹካ ድምፅ ብቻ ነበር። ቱርማን ዝምታ አይችልም።

«ትናንት እንግዲህ ኪሾን...»

«ቱርማን!» አለች ላቮኒያ።

«ይተዉት፣ ሚስ ላቮኒያ» አለ ታይረስ። ድምፁ እንደ ሰውነቱ አይደለም፤ ቀጭን ነው። «ኪሾን ትናንት ይገባ ነበር። ከፊቴ የቆመውን ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ስጥለው ነው የዋልኩት። አሰልጣኙ ጠርቶ ‹ትገፋዋለህ?› አለኝ። ‹አልችልም› አልኩት።»

ቱርማን ማኘኩን አቆመ። «ትችል ነበር?»

«እችል ነበር፣ ጌታዬ።»

«ከዚያ በፊት የተሸነፍነውስ?»

«እሱንም። ያኛውንም።»

«አሰልጣኙ ያመነህ አንተን ነው?»

«አይዋሸኝም ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።» ታይረስ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ተልጠው ነበር። «ኪሾን ምንም አላደረገኝም። ወንድሜ ነው። ግን መስመሩ ጋ በደረስን ቁጥር፣ በሩን ከፍቼለት ሲያልፍ፣ ሰው ሲጮህለት፣ እሑድ እዚህ ቁጭ ብዬ የምሰማው ጆሮዬ ላይ ይመጣል። አራት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ኪሾን ነው፣ ሚስተር ቱርማን። እኔ የበላሁለት ብቻ ነኝ።»

ቅናትን ሰው እሳት ይለዋል፤ ለእኔ ግን ጉንፋን ነው። የያዘው ሰው አፉን ሳይሸፍን ያወራል፤ አብሮት የሚበላው ይታመማል። ከተማው ሁሉ ስለ አሰልጣኙ ጭንቅላት ሲከራከር፣ ሽንፈታችን ይበስል የነበረው በእህቴ ገበታ ላይ ነበር። እኔም በየሳምንቱ እዚያው ተቀምጬ ዶሮዬን ስበላ ነበር።

ታይረስ ተነሣ። «ነገ ለአሰልጣኙ እነግረዋለሁ» አለ። «ሚስ ላቮኒያ፣ የተመራቂዎች ቀን እርስዎ ከወጡልኝ ይበቃኛል።» ቱርማንን አልጠቀሰውም። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ሳህኑ ላይ ምንም አልተነካም፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ቱርማን ለረጅም ጊዜ ያቺን በብረት የተጠናከረች ወንበር ያያት ነበር። ላቮኒያ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች።

ሰኞ ከሥራ ቀርቶ ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ ታይረስን ጠበቀው። አብሮት ገባ። እዚያ ውስጥ የሆነውን አላየሁም፤ ቱርማንም የነገረኝ ትንሽ ነው። ታይረስ እውነቱን ተናገረ። አሰልጣኙ አልጮኸም። ሳምንቱን ሙሉ የስታዲየሙን ደረጃ እየወጣህ ውረድ አለው። ከዚያ፣ «ቅዳሜ ደግሜ እጠይቅሃለሁ» አለው። ለቱርማን ደግሞ፣ «እርስዎ እባክዎን ሬዲዮ ላይ አያግዙኝ» አለው። ልጁ በደረጃው ሲወጣና ሲወርድ ቱርማን ከታች አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ በማግስቱም ከሥራ ሲወጣ መጥቶ ተቀመጠ። ታይረስ አንድም ቀን አላናገረውም። አልሄደም ቱርማን።

የተመራቂዎች ቀን ላቮኒያ ሐምራዊ ባርኔጣዋን አደረገች። ቱርማን ያልተጠራ ቢሆንም ሙሉ ልብሱን ለበሰ። «የት ልትሄድ ነው?» አለችው። «ቦርሳሽን ልይዝልሽ» አላት። ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳው ከሚወጡበት መተላለፊያ አፍ ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ የሴት ቦርሳ ታቅፎ ቆመ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ቤክተን ከኪሾን ጋር አልፎን ሄደ፤ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። ራሱን ነቀነቀልን።

ታይረስ መጣ። ላቮኒያን ክንዷን ያዘ። ቱርማንን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ቦርሳውንም አየ።

«ክራቫትዎ ጠሟል» አለው።

ቱርማን ሊያስተካክለው ሞከረ፤ አባሰው። ታይረስ በእነዚያ በተላጡ ጣቶቹ ቋጠሮውን ፈትቶ እንደገና አሰረለት። ጊዜ ወሰደበት። «ቦርሳውን ለሚስተር ሩፈስ ይስጡት» አለው፣ «ይምጡ።»

ቦርሳውን ተቀበልኩ።

ኪሾንና ቤክተን ሲጠሩ ስታዲየሙ ፈነዳ። ኦዜላ የአውቶቡስ ጡሩምባ ይዛ መጥታ ነበር፤ ነፋችው። እነቱርማን ከኋላቸው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ የቱርማን አንገት ወደ ጩኸቱ ሲዞር አየሁት። ወዶም አይደል፤ የአራት ዓመት ልማድ ነው። ከዚያ የታይረስ ስም ተጠራ። የተጨበጨበው ለይሉኝታ ያህል ነው። ቱርማን ግን የልጁን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ከሠርጉ ቀን በከበደ እርምጃ ወጣ።

ጨዋታው ሲያልቅ አካባቢ መስመሩ አጠገብ ደረሱ። አሰልጣኙ ጨዋታውን ለአፍታ አስቆመ። ታይረስን ጠርቶ አፉን ጆሮው ላይ አደረገ። ስታዲየሙ በሙሉ «ለኪሾን! ለኪሾን!» ይላል። ከተመልካቹ መሃል ታይረስ እስካሁን ምን ሲመልስ እንደነበር የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን። ላቮኒያ እጄን ጨበጠች። ታይረስ ራሱን ነቀነቀ።

ኳሱ ተነሣ። ሰው ከሰው ተጋጨ፤ አቧራና ሳር ሆነ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጉሮሮ ጮኸ። ኦዜላ ጡሩምባዋን ጥላ አቀፈችኝ። ቱርማን ብቻ እንደቆመ ነበር፤ ዓይኑ ከመሬት ተደራርበው ከወደቁት ሰዎች ላይ አልተነሣም። ከክምሩ ሥር ታይረስ ተነሥቶ ጉልበቱን እስኪያራግፍ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ኪሾን ገባ እንዴ?» አለኝ።

ከጨዋታው በኋላ ፔካን ዛፎቹ ሥር እህት ኦዜላ አሁንም ፍርድ ላይ ነበረች። «አያችሁ? አያችሁ አይደል? እኔ ሬዲዮ ላይ ባልናገረው ይሰጠው ነበር? አሰልጣኙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» ከተማው እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የሚያምነው። ቱርማን ኦቾሎኒውን እየፈለፈለ ሰማት፤ አልተከራከራትም።

ታይረስ ታጥቦ መጣ። ላቮኒያ የቆለለችለትን ሳህን ይዞ፣ ከቱርማን አጠገብ የፒክአፕ መኪናው የኋላ መጫኛ ላይ ሲቀመጥ መኪናው ዝቅ አለ። ቱርማን ያንን በደረቱ የጣለውን ሰውዬ እያንዳንዷን ነገር ጠየቀው፦ እግሩን እንዴት እንዳስቀመጠ፣ ትከሻውን የት እንደመታው። ታይረስ በሞላ አፉ ይመልሳል፤ በሹካው አየሩ ላይ ያሳያል።

ቤክተን ከማዶ፣ በራሱ ጠረጴዛ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ የሠራችው የስኳር ድንች ኬክ ሳይቆረስ ፊቱ አለ። ኪሾን ገና ከስታዲየሙ አልወጣም፤ ጋዜጠኞችና ከትልልቅ ከተሞች የመጡ ሰዎች ከበውታል። ሲወጣም መንገድ ላይ ቆሞ እጁን አነሣና «አባባ ሆሪስ፣ እነዚህ ሰዎች እራት ጋብዘውኛል!» ብሎ መኪናቸው ውስጥ ገባ። ቤክተን እጁን አነሣለት። ከዚያ ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ፤ ታይረስ ላይ፣ የተቀመጠበት መጫኛ ላይ፣ የሚበላበት ሳህን ላይ አረፈ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። አራት ዓመት እሑድ እሑድ ከፊቴ ተቀምጦ ያየሁት ነው።

«ወንድም ግሪር፣» አለ ቤክተን በመጨረሻ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ «ትለውጠኛለህ?»

ኦዜላ እንኳ አልሳቀችም። ቱርማን የቤክተንን ኬክ አየ፤ ባዶ ወንበሩን አየ። የምትመጣዋን ቃል ፈርቼ በልቤ ጌታ ሆይ አልኩ። አራት ዓመት የተጠራቀመ ምላሽ ነበረው።

«ክንፉን ከሆነ፣» አለ ቱርማን፣ ሳህኑን ወደ ማዶ እየዘረጋ፣ «እለውጥሃለሁ። ና፣ ኬኩንም ይዘህ ና።» ከዚያ ታይረስን በክርኑ ነካ አደረገው። «ጠጋ በል፣ ልጄ። ለሆሪስ ቦታ ስጠው።»